የራዳር ኮድ በኦፕቲማይዜሽን አልጎሪዝም መንደፍ፦ ከባዶ ፋይል እስከ ተፈተነ ፐልስ

የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። «አልጎሪዝሙን ጻፍኩት፣ ይሠራል፣ ግራፉም ያምራል። ሃርድዌር ላይ ሲጫን ግን ተበላሸ።» ፕሮግራሙን ከፍቼ ሳየው አልጎሪዝሙ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። አልጎሪዝም የታዘዘውን ይፈጽማል። ስህተቱ ያለው ትእዛዙ ላይ ነው። ኦፕቲማይዜሽን አንድን መለኪያ በስሌት በተቻለ መጠን እየቀነሱ መሄድ ነው። የተቀነሰው ነገር መቀነስ የነበረበት ነገር አልነበረም፤ ወይም የማሰራጫው ጠባይ ሒሳቡ ውስጥ አልገባም።

ስለዚህ ይህን መመሪያ በቅደም ተከተል ተከተሉት። በተለይ ደረጃ 1ንና ደረጃ 2ን አትዝለሉ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚያ ነው።

ከዚህ በታች «ኮድ» ስል በፐልሱ (ራዳሩ በሚልከው የሬዲዮ ሞገድ ቁራጭ) ላይ የሚጫነውን የፌዝ (ሞገዱ በዑደቱ ውስጥ ያለበት ማዕዘን) ተከታታይ ማለቴ ነው። የምትጽፉትን ሶፍትዌር «ፕሮግራም» እለዋለሁ። «ኤን» ደግሞ ፐልሱ የሚከፈልባቸው ቁርጥራጮች፣ ማለትም የቺፖቹ፣ ብዛት ነው።

ሥራው ምንድን ነው?

ረጅም ፐልስ ብዙ ኃይል ይዞ ይሄዳል፣ ግን ርቀትን በደንብ አይለይም። መፍትሔው ፐልሱን ቺፕ በሚባሉ እኩል ቁርጥራጮች ከፍሎ ለእያንዳንዱ ቺፕ የራሱን ፌዝ መስጠት ነው። ተቀባዩ የተመለሰውን ማሚቶ ከኮዱ ጋር ሲያመሳክር ረጅሙ ፐልስ ወደ አንድ ሹል ጫፍ ይሰበሰባል። ይህን የሚሠራው ማችድ ፊልተር ነው።

ከጫፉ ግራና ቀኝ ትናንሽ ጉብታዎች ይቀራሉ። ሳይድሎብ ይባላሉ። የትልቅ ዒላማ ሳይድሎብ የትንሹን ዒላማ ጫፍ ይውጠዋል። የምንፈልገው ሳይድሎቦቹ ዝቅ የሚሉባቸውን ፌዞች ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጋችሁ

ፓይተን ከነምፓይና ከሳይፓይ የሒሳብ ላይብረሪዎች ጋር፣ ወይም ማትላብ፣ ወይም ነፃ የሆነው ኦክታቭ። ተራ ላፕቶፕ ይበቃል። ለ100 ቺፕ ኮድ ትልቅ ማሽን አትከራዩ።

ሁለት ወጥመዶችን ከአሁኑ እወቁ።

በነምፓይ የኮሪሌት ትእዛዝ ሁለተኛውን ግብዓት ራሱ ኮንጁጌት ያደርገዋል፤ ማለትም የኢማጂነሪውን ክፍል ምልክት ይገለብጣል (እያንዳንዱ ቺፕ መጠኑ 1፣ ማዕዘኑ ፌዙ የሆነ ኮምፕሌክስ ቁጥር ነው)። እናንተ ደግማችሁ ካደረጋችሁት ጫፉ ከኤን ያንሳል፤ ግራፉም ትርጉም ያጣል። የኮንቮልቭ ትእዛዝ ግን ኮንጁጌት አያደርግም። ሁለቱን አታምታቱ።

በማትላብና በኦክታቭ ደግሞ የነጠላ ጥቅስ ምልክት ረድፍን ወደ ዓምድ ሲቀይር አብሮ ኮንጁጌት ያደርጋል። ፌዛችሁ ሳታዩት ምልክቱ ይገለበጣል። ከፊቱ ነጥብ ያለበትን ተጠቀሙ።

ደረጃ 1፦ ቁጥሮቹን መጀመሪያ በወረቀት አስቀምጡ

ኪቦርዱን ገና አትንኩ። እስከ መጨረሻው አብሮን የሚሄድ ምሳሌ ይኸውና፦ በ10 ጊጋኸርዝ የሚሠራ የምድር ራዳር አለ፤ ከመኪና አካባቢ ያለን ሰው ማየት ይፈልጋል።

1. ርቀት የመለየት አቅም። የብርሃንን ፍጥነት በቺፑ ቆይታ አባዙና ለ2 አካፍሉ። ቺፑ 0.1 ማይክሮ ሰከንድ ከሆነ 15 ሜትር ይሆናል። ባንድዊድዙ፣ ማለትም ፐልሱ የሚይዘው የፍሪኩዌንሲ ስፋት፣ 10 ሜጋኸርዝ ያህል ነው።

2. የፐልሱ ርዝመት። 100 ቺፕ ማለት 10 ማይክሮ ሰከንድ ነው። ማሰራጫው እየላከ ሳለ ተቀባዩ የሚዘጋ ከሆነ እስከ 1,500 ሜትር ድረስ ራዳሩ ዕውር ነው። የሚፈለገው ሰው በ800 ሜትር ላይ ከሆነ ይህ ኮድ አይሆንም፤ ፐልሱን አሳጥሩ። ይህን ሥራው ካለቀ በኋላ የሚያስታውሱ ሰዎች አጋጥመውኛል። ሙሉው ልፋት ከንቱ ይሆናል።

3. የሚፈለገው የሳይድሎብ ደረጃ። መኪናው 100 ካሬ ሜትር፣ ሰውየው 1 ካሬ ሜትር የራዳር ስፋት (ማሚቶ የመመለስ አቅም) አላቸው እንበል። ልዩነቱ 20 ዲሲብል ነው፤ ዲሲብል የሁለት መጠኖችን ጥምርታ በሎግ የሚለካ ነው። ሰውየው ከሳይድሎቡ በላይ በ12 ዲሲብል ጎልቶ እንዲታይ ከፈለግን ከፍተኛው ሳይድሎብ ከዋናው ጫፍ በ32 ዲሲብል ዝቅ ማለት አለበት። ዒላማችን ስለዚህ ከዜሮ በታች 32 ዲሲብል ነው።

4. ዒላማው ይቻላል ወይ? የመጨረሻው ላግ ላይ፣ ማለትም ኮዱ በራሱ ላይ እስከ ጫፉ ድረስ ሲንሸራተት፣ የሚገናኙት የኮዱ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቺፖች ብቻ ናቸው። የሁሉም ቺፕ መጠን 1 ስለሆነ የዚያ ሳይድሎብ መጠን ሁልጊዜ 1 ነው። ምንም አልጎሪዝም አይቀንሰውም። ለ100 ቺፕ ይህ ከዜሮ በታች 40 ዲሲብል ነው። 32 ከ40 በታች ስለሆነ በር ክፍት ነው። አንድ ሰው 45 ከጠየቃችሁ ግን በ100 ቺፕና በማችድ ፊልተር እንደማይሆን ዛሬውኑ ንገሩት።

በቀመር የሚገኘው ባለ 100 ቺፕ የፍራንክ ኮድ ከፍተኛ ሳይድሎቡ 3.24 ያህል ነው፤ ማለትም ከዜሮ በታች 29.8 ዲሲብል። ከዒላማችን በ2 ዲሲብል ያህል ያንሳል። ኦፕቲማይዜሽን ያስፈለገን ለዚህች ልዩነት ነው። ፍራንክ ለሥራችሁ ከበቃ እሱኑ ተጠቀሙና ሌላውን ሁሉ ተዉት።

ደረጃ 2፦ መለኪያውን ጻፉ፣ በባርከር 13 ፈትኑት

መጀመሪያ የሚጻፈው መለኪያው ነው። አልጎሪዝሙ ይቆየን። ሦስት ነገሮችን የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፉ።

- ኦቶኮሪሌሽን፦ ኮዱን በራሱ ላይ በአንድ፣ በሁለት፣ በሦስት ቺፕ እያንሸራተታችሁ አባዙና ደምሩ። አንዱ ኮንጁጌት መሆን አለበት። እያንዳንዱ የመንሸራተት ቁጥር ላግ ይባላል። ላግ 0 ላይ ውጤቱ ኤን ነው።
- አይኤስኤል፦ ከላግ 0 በቀር የሁሉም ላጎች መጠን ስኩዌር ድምር፣ ግራና ቀኙ አብሮ።
- ፒኤስኤል፦ ከላግ 0 በቀር ትልቁ መጠን።

አሁን ባርከር 13 የሚባለውን የታወቀ ባለ 13 ቺፕ ኮድ አስገቡ፦ አምስት ፕላስ፣ ሁለት ማይነስ፣ ሁለት ፕላስ፣ ማይነስ፣ ፕላስ፣ ማይነስ፣ ፕላስ። ላግ 0 ላይ 13፣ በጎዶሎ ላጎች (1፣ 3፣ 5...) 0፣ በሙሉ ላጎች (2፣ 4፣ 6...) 1 መውጣት አለበት። አይኤስኤሉ 12፣ ፒኤስኤሉ 1 ነው። በዲሲብል ከዜሮ በታች 22.3 ይሆናል።

ካልወጣላችሁ፦ 11.1 ካነበባችሁ መጠንን በ10 ሎግ አስልታችኋል፤ ለመጠን 20 ሎግ ነው። አይኤስኤሉ 6 ከሆነ አንዱን ጎን ብቻ ደምራችኋል። በጎዶሎ ላጎችም ላይ 1 ከወጣ ኮዱ እየዞረ ተገናኝቷል፤ ይህ ፔሪዮዲክ የሚባለው ነው። በተናጠል ፐልስ ለሚሠራ ራዳር አይሆንም።

በዚህ የመጨረሻው ስህተት እኔም ረጅም ጊዜ አጥቻለሁ። ኤፍኤፍቲውን፣ ማለትም ኮዱን ወደ ፍሪኩዌንሲዎቹ የሚተነትነውን ፈጣን ስሌት፣ በኤን ነጥብ ነበር የወሰድኩት። ኤፍኤፍቲ ሲጠቀሙ ኮዱ ላይ ኤን ዜሮዎች ተጨምረው 2 ኤን ነጥብ መሆን አለበት። ያለ ዜሮዎቹ የሚታየው ያማረ ግራፍ የሌላ ጥያቄ መልስ ነው።

አንድ ፈተና ይቀራል። 100 የዘፈቀደ ፌዞችን አውጡና አይኤስኤላቸውን ለኩ። ብዙ ጊዜ ደጋግማችሁ አማካዩን ስትወስዱ 9,900 አካባቢ ማግኘት አለባችሁ፤ ኤን ሲባዛ በኤን ሲቀነስ 1 ማለት ነው። ከዚህ በጣም ከራቀ ወደፊት አትሂዱ።

ደረጃ 3፦ መነሻ ኮድ ምረጡ

አልጎሪዝሞቹ በአቅራቢያቸው ያለ ሸለቆ ውስጥ ይወርዳሉ፤ እዚያው ይቀራሉ። ስለዚህ መነሻው ውጤቱን ይወስናል።

ሁለት ዓይነት መነሻ አዘጋጁ። አንደኛው ዘፈቀደ ነው፦ ከ0 እስከ 2 ፓይ መካከል በእኩል ዕድል የወጡ ፌዞች፣ ቢያንስ 200 የተለያዩ ኮዶች። ሁለተኛው የፍራንክ ኮድ ነው። ለ100 ቺፕ ሁለት ቆጣሪ ያዙ፣ ሁለቱም ከ0 እስከ 9። ፌዙ 2 ፓይ ሲባዛ በሁለቱ ቆጣሪዎች ብዜት ሲካፈል ለ10 ነው። ረድፎቹን አከታትላችሁ ጻፉ።

ፍራንክ ብዙ ጊዜ ጥሩ ውጤት ይሰጣል። ግን ሁሌም አንድ ስለሆነ ደጋግማችሁ ብታስኬዱት የምታገኙት ያው ነው። ፌዞቹ ላይ እስከ 0.1 ራዲያን የሚደርስ ትንሽ ዘፈቀደ ጨምሩና ብዙ መነሻዎች አድርጉት።

ተጠንቀቁ፦ ፕላስና ማይነስ 1 ብቻ ካለው ኮድ አትነሱ። ባርከርም ሆነ ሌላ ባለ ሁለት ፌዝ ኮድ ኢማጂነሪ ክፍል የለውም። ደረጃ 4 ላይ ያለው አልጎሪዝም ከእንዲህ ዓይነት ኮድ ከተነሳ በየዙሩ ፕላስና ማይነስ 1 ብቻ ያወጣል። ደረጃ 5 ላይ ደግሞ ግራዲየንቱ (እያንዳንዱ ፌዝ በትንሹ ሲቀየር የሚቀነሰው ነገር ምን ያህል እንደሚቀየር የሚናገረው) ድፍን ዜሮ ይሆናል። ሰው «አልጎሪዝሙ አልንቀሳቀስ አለ» ብሎ ሲጽፍልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው መነሻውን ነው።

ደረጃ 4፦ በካን አልጎሪዝም አይኤስኤሉን አውርዱ

ካን በ2009 የወጣ አልጎሪዝም ነው። ለመጻፍ ቀላል ስለሆነ ከእሱ እንድትጀምሩ እመክራለሁ። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ሳይድሎብ የሌለው ኮድ ቢኖር ስፔክትረሙ (በየፍሪኩዌንሲው ያለው መጠን) ፍጹም ጠፍጣፋ ይሆን ነበር። ስለዚህ አንዴ ስፔክትረሙን ጠፍጣፋ እናደርጋለን፣ አንዴ የቺፖቹን መጠን 1 እናደርጋለን። እየተመላለስን።

1. ኮዱ መጨረሻ ላይ ኤን ዜሮዎች ጨምሩ። ለእኛ 100 ቺፕና 100 ዜሮ።
2. የ200 ነጥብ ኤፍኤፍቲ ውሰዱ።
3. ከእያንዳንዱ ነጥብ ፌዙን ብቻ አስቀሩ፣ መጠኑን 1 አድርጉ።
4. ተገላቢጦሹን ኤፍኤፍቲ ውሰዱ።
5. የመጀመሪያዎቹን 100 ዋጋዎች ያዙ፣ የቀሩትን 100 ጣሉ።
6. ከያዛችሁት ፌዙን ብቻ አስቀሩ፣ መጠኑን 1 አድርጉ። አዲሱ ኮዳችሁ ይህ ነው።
7. በአዲሱና በአሮጌው ኮድ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሚሊዮንኛ እስኪያንስ፣ ወይም 5,000 ዙር እስኪሞላ ወደ 1 ተመለሱ።

ቁጥር 6ን የሚዘሉ ሰዎች አሉ። መጠኑ ከ1 ሲለቀቅ ሳይድሎቡ በጣም ይወርዳልና ያስደስታል። የማሰራጫው ማጉያ ግን የሚሠራው በሙሉ ኃይል ተወጥሮ ነው፤ የመጠን ለውጥን ይቆርጠዋል። ኮዱ አንቴናው ጋ ሲደርስ ሌላ ኮድ ይሆናል።

በየዙሩ አይኤስኤሉን እየለካችሁ ጻፉ። አንዳንዴ በትንሹ ከፍ ሲል ብታዩ አትደንግጡ። ካን በቀጥታ የሚቀንሰው አይኤስኤልን አይደለም፤ የስፔክትረሙ መጠን ከኤን ስኩዌር ሩት ያለውን ርቀት ነው። ያኛው በየትኛውም ዙር ከፍ አይልም። ከፍ ካለ ፕሮግራሙ ስህተት አለበት። ይህን ርቀት ስትለኩ በቁጥር 2 የወጣውን ኤፍኤፍቲ ያለ ምንም ማካፈል ተጠቀሙ።

ካልወረደ፦ አይኤስኤሉ 9,900 አካባቢ ቆሞ ከቀረ የተገላቢጦሹን የመጀመሪያ 100 ሳይሆን ሌላ ክፍል ወስዳችኋል፤ ወይም ኤፍኤፍቲው ሁለት ልኬት ያለው ድርድር ላይ በተሳሳተ አቅጣጫ እየሮጠ ነው። ኮዱን ወደ ነጠላ ረድፍ መልሱት።

ሁሉንም መነሻዎች አስኬዱ። በአይኤስኤል ደርድሩና ምርጥ 20ዎቹን አስቀሩ።

ደረጃ 5፦ ከፍተኛውን ሳይድሎብ ለይታችሁ ምቱ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። አይኤስኤል የድምር መለኪያ ነው። ድምሩ ትንሽ ሆኖ አንድ ሳይድሎብ ብቻውን ተገትሮ ሊቀር ይችላል። ሰውየው የቆመው እዚያች ቦታ ላይ ከሆነ ራዳሩ አያየውም። የጻፍነው ዒላማ የፒኤስኤል ስለሆነ አሁን የሚቀነሰው ነገር ይቀየራል።

ፒኤስኤልን በቀጥታ መቀነስ ያስቸግራል፤ ትልቁ ሳይድሎብ ከዙር ዙር ቦታውን ይቀያይራል። ለስለስ ያለ ምትክ እንጠቀም። የእያንዳንዱን ሳይድሎብ መጠን በፓወር ከፍ አድርገን እንደምር። ፓወሩ 2 ሲሆን አይኤስኤል ነው። ፓወሩ ሲያድግ ትልልቆቹ ብቻ ይቆጠራሉ።

ደግሞም ከአሁን በኋላ የምናንቀሳቅሰው ፌዞቹን ራሳቸውን ነው። ፌዝ የፈለገውን ቁጥር ቢሆን የቺፑ መጠን 1 እንደሆነ ይቀራል። ገደቡ በራሱ ተጠበቀልን።

1. ከምርጥ 20ዎቹ አንዱን ውሰዱ። የአሁኑን ፒኤስኤል «ማካፈያ» ብላችሁ ያዙት።
2. ፓወሩን 4 አድርጉ።
3. የሚቀነሰውን ጻፉ፦ ከላግ 0 በቀር የእያንዳንዱ ላግ መጠን ለማካፈያው ተካፍሎ፣ በፓወሩ ከፍ ብሎ፣ ግራና ቀኙ የተደመረ።
4. ግራዲየንቱን ጻፉ፤ ከዚህ በታች አለ።
5. ሳይፓይ ውስጥ ላለው ኤልቢኤፍጂኤስ፣ ማለትም ግራዲየንትን ተከትሎ ወደ ታች ለሚወርደው ዝግጁ አልጎሪዝም፣ ሁለቱንም ስጡት።
6. ሲጨርስ ማካፈያውን በአዲሱ ፒኤስኤል ተኩ፣ ፓወሩን እጥፍ አድርጉ፤ ካቆመበት ቀጥሉ። 4፣ 8፣ 16፣ 32፣ 64።

ማካፈያው በአንድ ፓወር ውስጥ መቀየር የለበትም። በየዙሩ ካዘመናችሁት ግራዲየንቱ ሐሰት ይሆናል፤ ኤልቢኤፍጂኤስም መንገድ አጣሁ ብሎ ይቆማል። ያለ ማካፈያ ከሄዳችሁ ደግሞ በፓወር 64 ቁጥሮቹ እጅግ ግዙፍ ይሆናሉ።

*ግራዲየንቱ።* ለእያንዳንዱ ላግ ክብደት አስሉ፦ መጠኑ ለማካፈያው ተካፍሎ በፓወር ሲቀነስ 2 ከፍ ይላል፣ ከዚያ ለማካፈያው ስኩዌር ይካፈላል። የላግ 0 ክብደት ዜሮ ነው። ክብደቱን በላጉ ኮምፕሌክስ ዋጋ አባዙ። ከትልቁ ኔጌቲቭ ላግ እስከ ትልቁ ፖዚቲቭ 199 ዋጋዎች አሏችሁ። ይህን ድርድር ከኮዱ ጋር ኮንቮልቭ አድርጉ። ከውጤቱ የመጀመሪያዎቹን 99 ዝለሉ፣ ቀጥሎ ያሉትን 100 ውሰዱ። እያንዳንዱን በራሱ ቺፕ ኮንጁጌት አባዙ። ኢማጂነሪውን ክፍል ብቻ አስቀሩ። በመጨረሻ በፓወሩ ሁለት እጥፍ አባዙ።

*ሳትፈትሹት አታምኑት።* አንዱን ፌዝ በ0.000001 ራዲያን ከፍ አድርጋችሁ ለኩ፣ ዝቅ አድርጋችሁ ለኩ፤ ልዩነቱን ለ0.000002 አካፍሉ። ከግራዲየንቱ ጋር የመጀመሪያዎቹ አራት አምስት አሃዞች መግጠም አለባቸው። ምልክቱ ብቻ ከተገለበጠ ኮንጁጌቱ በተሳሳተ ቦታ ነው። በትክክል እጥፍ ከሆነ አንዱን ጎን ብቻ ደምራችኋል። ይህ ፈተና አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

በ20ዎቹ ሁሉ ላይ ይህን አድርጉ። አስቀድሞ በአይኤስኤል አንደኛ የነበረው በፒኤስኤል አንደኛ ላይሆን ይችላል።

32 ዲሲብል ካልደረሰ፦ መጀመሪያ መነሻ ጨምሩ፤ 200 የነበረውን 2,000 አድርጉ። ፓወሩንም በአንዴ ከ4 ወደ 64 አትዝለሉ፤ መጥፎ ሸለቆ ውስጥ ይቀረቅራል። ይህም ካልሠራ ቺፕ ጨምሩ። ግን ዕውሩ ርቀትም አብሮ ይጨምራል፤ ወደ ደረጃ 1 ተመለሱና እዩት።

*ሳይድሎቡ በተወሰነ ርቀት ብቻ ቢያስቸግርስ?* ለምሳሌ ሰውየው ከመኪናው ከ300 ሜትር በላይ አይርቅም ከተባለ የሚያስጨንቁን ላግ 1 እስከ 20 ብቻ ናቸው። የቀሩትን ክብደት ዜሮ አድርጉና በፓወር 2 አስኬዱ። በእነዚያ ላጎች ሳይድሎቡ በጣም ጥልቅ ይወርዳል። ገደብ ግን አለው። እያንዳንዱ ላግ ሁለት እኩልታ ይጠይቃል፤ ያሉን ነፃ ፌዞች ደግሞ ከ100 ያነሱ ናቸው። ከ49 በላይ ላጎችን በአንዴ ዜሮ አድርግ ብላችሁ አትዘዙት።

ደረጃ 6፦ ፌዞቹን ወደ ሃርድዌሩ ቢት አጠጋጉ

ኮምፒውተሩ 1.7342 ራዲያን ይላል። የፌዝ መቀየሪያው ይህን አያውቅም። ባለ 6 ቢት ከሆነ 64 ፌዞች ብቻ አሉት።

ማጠጋጋት የሳይድሎብ ወለል ይጨምራል። ለ100 ቺፕ በግምት በ3 ቢት ከዜሮ በታች 30፣ በ4 ቢት 36፣ በ6 ቢት 48 ዲሲብል የሆነ አማካይ ወለል ነው። በአንድ ቢት 6 ዲሲብል ማለት ነው። ዒላማችን 32 ስለሆነ 3 ቢት ያበላሸዋል፣ 6 ቢት ይመቻል። 4 ቢት ላይ መጠንቀቅ አለባችሁ፤ አማካዩ 36 ቢሆንም አንዳንዱ ከዚያ በላይ ይዘላል።

አጠጋግታችሁ አትተዉት። ከመጀመሪያው ቺፕ ጀምራችሁ 64ቱንም ፌዞች ሞክሩ፤ ፒኤስኤሉን ዝቅ የሚያደርገውን አስቀሩ። ወደሚቀጥለው ቺፕ እለፉ። መቶውን ስትጨርሱ እንደገና ጀምሩ። ሙሉ ዙር ምንም ለውጥ ሳይኖር ካለፈ አቁሙ። አንድ ዙር 6,400 ልኬት ነው፤ ላፕቶፑ ቶሎ ይጨርሰዋል።

ደረጃ 7፦ ዒላማው ሲንቀሳቀስ ምን ይሆናል?

እስካሁን ሁሉም ቆሟል ብለን ነበር። በ30 ሜትር በሰከንድ የሚሄድ መኪና በ10 ጊጋኸርዝ 2,000 ኸርዝ የዶፕለር ለውጥ (በእንቅስቃሴ ምክንያት የሚመጣ የፍሪኩዌንሲ ለውጥ) ያመጣል። በ10 ማይክሮ ሰከንድ ውስጥ ፌዙ በ7.2 ዲግሪ ብቻ ይዞራል። ለእኛ ምሳሌ ችግር የለውም።

ፐልሱ 100 ማይክሮ ሰከንድ፣ ዒላማው በ300 ሜትር በሰከንድ የሚበር ቢሆን ግን ፌዙ በፐልሱ ውስጥ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል። ጫፉ ራሱ ይጠፋል። ደንቡን ያዙ፦ የዶፕለር ፍሪኩዌንሲ በፐልስ ርዝመት ሲባዛ 0.2 ከሆነ ጫፉ 0.6 ዲሲብል ያህል ያጣል፤ 0.5 ከሆነ 4 ዲሲብል ያህል፤ 1 ከሆነ ዜሮ ነው።

ለመፈተሽ ኮዱን በሚዞር ፌዝ አባዙና ከዋናው ኮድ ጋር አመሳክሩ። ከሚጠበቀው ፍጥነት ከትንሹ እስከ ትልቁ ቢያንስ 20 ነጥብ ውሰዱ። ሳይድሎቡ ከጫፉ ቀድሞ ይበላሻልና ጫፉን ብቻ አይታችሁ አትለፉ።

ደረጃ 8፦ የማሰራጫውን ፊልተር አስገቡ

እያንዳንዱን ቺፕ 4 ጊዜ ደግማችሁ ጻፉ፤ ናሙናው በሰከንድ 40 ሚሊዮን ይሆናል። በዚህ ብቻ ፒኤስኤሉ አይጨምርም፤ በላጎች መካከል ያለው ዋጋ ቀጥታ መስመር ነው። ከጨመረ ፕሮግራሙን ፈትሹ።

ቀጥሎ የማሰራጫችሁን ባንድዊድዝ በሚመስል ሎፓስ ፊልተር (ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲዎችን በሚቆርጥ) አሳልፉት። አሁን የቺፖቹ ጠርዝ ይለዝባል፣ ሳይድሎቡም ሊያድግ ይችላል። ከዒላማው በላይ ካደገ ፊልተሩን ደረጃ 5 ውስጥ አስገብታችሁ እንደገና አስኬዱ፤ ወይም ከመጀመሪያው 2 ዲሲብል ትርፍ ይዛችሁ ንደፉ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ሥራው ያንሳል።

ደረጃ 9፦ በድምፅ ፈትኑት

ራዳር በእጃችሁ ላይኖር ይችላል። በሬዲዮ ለማሰራጨት ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ፍሪኩዌንሲ የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ኮዱን ግን ዛሬ ማታ ክፍላችሁ ውስጥ በስፒከርና በማይክ መፈተን ትችላላችሁ።

1. ቺፑን 0.5 ሚሊ ሰከንድ፣ ድምፁን 6,000 ኸርዝ፣ ናሙናውን 48,000 አድርጉ። አንድ ቺፕ 24 ናሙና፣ ሙሉው ኮድ 50 ሚሊ ሰከንድ ነው።
2. ስፒከሩንና ማይኩን ጎን ለጎን አድርጋችሁ 3 ሜትር ወደሚርቅ ባዶ ግድግዳ አዙሯቸው።
3. የላፕቶፑን የማሚቶ ማጥፊያና የጩኸት መቀነሻ ዝጉ። ክፍት ከሆነ የምትፈልጉትን ማሚቶ ራሱ ያጠፋዋል።
4. ድምፁን ዝቅ አድርጉ። 6,000 ኸርዝ ጆሮ ይወጋል፤ ስፒከሩም ሲጨናነቅ ኮዱን ያዛባል።
5. መቅዳት ጀምሩ፣ ከዚያ ኮዱን አጫውቱ።
6. የተቀዳውን ወደ ዜሮ ፍሪኩዌንሲ አውርዱ፣ ሎፓስ አሳልፉ፣ ከኮዱ ጋር አመሳክሩ።

ከስፒከሩ በቀጥታ ወደ ማይኩ የገባው ድምፅ ትልቁን ጫፍ ይሠራል፤ መኪናችን እሱ ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ስለሚሄድ ከግድግዳው የሚመለሰው 17.5 ሚሊ ሰከንድ ቆይቶ፣ ማለትም 35 ቺፕ አልፎ ይታያል። ያኛው ሰውየው ነው።

ያንኑ ልኬት በዘፈቀደ ኮድ ድገሙት። የዘፈቀደ ኮድ ሳይድሎብ ከዜሮ በታች 20 ዲሲብል አካባቢ ይዋዥቃል። ሁለቱን ግራፎች አንዱን ባንዱ ላይ አድርጋችሁ ተመልከቱ።

ሁለቱም አንድ ከመሰሉ፦ ሌሎች ማሚቶዎች እየገቡ ነው። ጠረጴዛውንና ወንበሩን አንሡ፣ ወይም ሰፊ ሜዳ ላይ ካለ አጥር ፊት ሞክሩ። ጫፉ ወደ ሁለት ከተሰነጠቀ ስፒከሩ በ6,000 ኸርዝ አካባቢ እኩል አይጮህም፤ 4,000 ላይ ሞክሩት።

ፋይሉን ስትዘጉ

የተጠጋጉትን ፌዞች በቢት ቁጥር አስቀምጡ፤ ለ6 ቢት ከ0 እስከ 63። ከጎናቸው የዘፈቀደ መነሻውን ቁጥር፣ የተጠቀማችሁባቸውን ፓወሮች፣ ከማጠጋጋት በፊትና በኋላ ያለውን ፒኤስኤል፣ ፊልተሩ ከገባ በኋላ ያለውን ፒኤስኤል ጻፉ። ከስድስት ወር በኋላ ማሰራጫው ሲቀየር ከደረጃ 6 መቀጠል የምትችሉት ይህ ካለ ብቻ ነው። ስለዚህ ያልተጠጋጉትንም ፌዞች አብራችሁ አኑሩ።